«ቻይናዎች እንዳሉት» ለሚሉን



በየስብሰባው አንድ ልማድ ገብቷል። ተማሪው ተነሥቶ ስለ መጻሕፍት እጥረት ይጠይቃል፤ ተናጋሪው ጉሮሮውን ጠርጎ «ቻይናዎች እንዳሉት፣ ዓሣ ከመስጠት ማጥመዱን ማስተማር ይሻላል» ይላል፤ ይጨበጨባል፤ ጥያቄውም ተቀበረ ማለት ነው። ለመሆኑ የትኞቹ ቻይናዎች ናቸው? ይህ አባባል ቀድሞ ተጽፎ የተገኘው እንግሊዛዊቷ ደራሲ አን ታከሪ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመችው ልብ ወለድ ውስጥ ነው። «አንድ ሥዕል አሥር ሺህ ቃል ያህላል» የሚለውንም እ.ኤ.አ. በ1927 የቻይና ምሳሌ ብሎ ያወጣው ፍሬድ ባርናርድ የተባለ አሜሪካዊ የማስታወቂያ ሰው ነው። ገበያው እንዲደራለት የሩቅ አገር ሽማግሌ አስፈለገው።

የቻይናዎቹ የራሳቸው ተረት ግን ሌላ ነው። በጥንታዊው የሊየዚ መጽሐፍ ዩጎንግ የተባለ ሽማግሌ ደጁን የዘጉትን ሁለት ተራሮች ከልጆቹ ጋር መቆፈር ይጀምራል። ሲሣቅበት፣ ዘሩ እንደሚበዛ፣ ተራራው ግን እንደማያድግ ይመልሳል፤ በመጨረሻም ተራሮቹን የሚያነሣለት ሰማይ ነው። ማኦ ሴ ቱንግ እ.ኤ.አ. በ1945 ይህንኑ ተረት አንሥቶ ተራሮቹን ኢምፔሪያሊዝምና ፊውዳሊዝም፣ ሰማዩን ደግሞ የቻይና ሕዝብ አደረጋቸው። ተረቱ አንድ ሆኖ ሳለ ሥራው ሁለት ሆነ፤ ፍቺው በተናጋሪው ዓላማ ውስጥ ነውና።

ከሊማሊሞ ሥር፣ ድብ ባሕር ለሚኖር ገበሬ ይህን ብትነግሩት ተራራ ምን እንደ ሆነ ማስረዳት አያሻችሁም፤ ኢጣሊያ በወረራው ዘመን ያንን ገደል ጠርቦ መንገድ ያወጣው ለማን እንደ ነበረ ግን መልሶ ይጠይቃችኋል። በሽምግልናም ወግ አንዱ «ዝም አይነቅዝም» ቢል ሌላው «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብሎ ይገጥመዋል። ምሳሌ የክርክር መሣሪያ እንጂ የክርክር መቀርቀሪያ አይደለም። (ሁልጊዜ እንዲህ ነበር አንልም፤ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የተባለው ማንን ዝም ለማሰኘት እንደ ሆነ የታወቀ ነው።) ነገር ግን ይህን የምናውቀው ምሳሌው የእኛው ስለ ሆነ፣ ተናጋሪውንም ስለምናውቀው ነው። «ቻይናዎች እንዳሉት» ለተባለው ማን መልስ ይሰጣል? ቤጂንግ ድረስ ሄዶ የሚያጣራ የለም፤ የተወደደውም ስለዚሁ ነው።

ስለዚህ በሚመጣው ስብሰባ ይህ ሐረግ ሲነሣ፣ የትኛው ቻይናዊ፣ መቼ፣ ለማን እንደ ተናገረው እንጠይቅ። ተናጋሪው ካላወቀ ወደ መጻሕፍቱ ጉዳይ ይመለስ።