«በጥቅሉ» የሚባል የሞተር ዋጋ አንቀበል

ማዮ ውስጥ ሞተር የነከሰበት አበሻ ወርሻ ከመሄዱ በፊት የሚጠይቀው «እገሌ በስንት አስቀየረ?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ አያዋጣንም። እገሌ የከፈለው ምን ምኑን እንደሆነ ሳናውቅ በምን እናወዳድራለን?

ወርሻው «ዶላር ጨምሯል» ይለናል። አዎ፣ በየካቲት 2013 ዓ.ም. ይፋዊው የዶላር ምንዛሪ ከ55 ወደ 375 ፓውንድ ወጣ። ዶላር በቀጥታ የሚነካው ግን ከውጭ የመጣውን ሞተር ነው። መካኒኩም ዳቦ ይገዛልና የእጁን ይጨምር፣ አንከለክልም፤ ብቻ ለየብቻ ይጻፍልን። ሞተሩ ስንት? የእጅ ስንት? ዘይትና ጓርኒሲዮን ስንት? አሮጌው ሞተርስ ለማን ይቀራል? አሮጌው ብረት ነው፤ ብረትም ገንዘብ ነው።

ርካሹም አያታልለን። ሞተሩ ወርዶ ሳለ ፍሪሲዮኑንና ቺንጊያውን ማየት ቀላል ነው። ይህን ዘሎ በግማሽ ዋጋ የገጠመ ሰው፣ ፍሪሲዮኑ ያለቀ ቀን እንደገና ይፈታዋል፤ የእጅም ሁለቴ እንከፍላለን።

የአዲሱ ሞተር ቁጥር ደረሰኙ ላይ ይስፈር። ሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥር አለ። ወደ መተማ የምንሻገር ሰዎች ቁጥሩ የማይገጥም ሞተር ይዘን ኬላ ላይ ብንቆም፣ «መካኒኩን ጠይቁት» ብለን አናልፍም።

ዝርዝር የሚሰጠን ወርሻ ቢወደድም እንመለስበት። የማይሰጠንን በርካሽም እንለፈው።