አሮጌው ባትሪ ከማሳ ሳይደርስ መንገዱ ይታወቅ

ባጃጅ፣ ትራክተርና ኮምባይነር ወደ ገጠሩ መዝለቃቸው፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራትም በጤና ኬላው፣ በትምህርት ቤቱና በአርሶ አደሩ ቤት መታየቱ የሚበረታታ ለውጥ ነው። የአርሶ አደሩን ድካም አቃልሏል፤ ምርቱንም ለገበያ አቅርቧል። ከእነዚህ መሣሪያዎች ከብዙዎቹ ጋር ግን አሲድ የሚሞላው ከባዱ ባትሪ አብሮ ይገባል። መሣሪያው ሲገዛ ዋጋው፣ ጉልበቱና መለዋወጫው ይጠየቃል። ባትሪው ሲደክም ወዴት እንደሚሄድ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቅ የለም። ይህ ያልተጠየቀ ጥያቄ ውሎ አድሮ በማሳ፣ በከብትና በሕጻናት ላይ ዕዳ ሆኖ ይመጣል።

የዚህ ዓይነቱ ባትሪ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው እርሳስ ነው። እርሳስ ሲባል ተማሪው የሚጽፍበት አይደለም፤ የእሱ ጥቁር ቀለም የካርቦን ዓይነት እንጂ ብረት አይደለም። እዚህ ላይ የሚነሳው ለስላሳው፣ ከባዱና በቀላሉ የሚቀልጠው ማዕድን ነው። በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ የማገዶ እሳት ይበቃዋል። በየጓሮው ሊቀለጥ መቻሉም አንዱ የችግሩ ምንጭ ነው።

የአካባቢ ስጋት ግምገማ ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት የላቦራቶሪ መሣሪያና ወፍራም ሰነድ ነው። መነሻው ግን ቀላል ነው። አንድ ነገር አደገኛ መሆኑና ስጋት መፍጠሩ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ያልተሰበረ ባትሪ በትራክተሩ ላይ ታስሮ ሲሠራ በውስጡ መርዝ ቢይዝም መርዙ ወደ ማንም አይደርስም። ያው ባትሪ በጉድጓድ ውኃ አጠገብ ተሰብሮ ሲፈስ ግን ስጋቱ ሌላ ነው። የእርሳሱ መጠን አልተለወጠም፤ የተለወጠው መንገዱ ነው። ስለዚህ ገምጋሚው ሦስት ጥያቄዎችን ያነሳል። እርሳሱ የት አለ? በምን በኩል ይወጣል? የሚደርሰውስ ማን ዘንድ ነው? ከሦስቱ አንዱ ከተቋረጠ ጉዳቱም ይቋረጣል። ለማቋረጥ ቀላሉና ርካሹ ደግሞ መንገዱ ነው።

የእርሳሱ መልክም ሊታወቅ ይገባል። ድፍን የእርሳስ ቁራጭ በአፈር ውስጥ የሚበላሸው በዝግታ ነው። በባትሪው ሳህኖች ላይ የተለጠፈው ጭቃ መሰል ነገር ግን የእርሳስ ኦክሳይድና የእርሳስ ሰልፌት ነው፤ ሲደርቅ ዱቄት ይሆናል። በነፋስ ይበናል፣ በእጅና በልብስ ላይ ይጣበቃል፣ በጎመን ቅጠል ላይ ያርፋል። ባትሪ የሚሰብር ሰው የሚፈልገው ድፍኑን ብረት በመሆኑ ዱቄቱንና አሲዱን እዚያው ይደፋል። ለአካባቢው የሚተርፈው ይበልጥ የሚጎዳው ክፍል ነው ማለት ነው።

መጠኑን በስሌት ማየት ይቻላል። 40 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የጓሮ አትክልት መደብ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አፈሩ 10 ቶን ገደማ ይመዝናል። በዚህ አፈር ላይ አንድ ኪሎ እርሳስ በእኩል ቢደባለቅ በእያንዳንዱ ኪሎ አፈር ላይ 100 ሚሊ ግራም ይጨምራል። በአንድ የተለመደ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው እርሳስ ደግሞ ከአንድ ኪሎ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ መሠረት በእህል ውስጥ ሊገኝ የሚፈቀደው እርሳስ በኪሎ 0 ነጥብ 2 ሚሊ ግራም፣ በወተት ውስጥ 0 ነጥብ 02 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። በአፈር ያለው ሁሉ ወደ እህሉ ይገባል ማለት ባይሆንም የሁለቱ ቁጥሮች ርቀት ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ያሳያል።

እርሳስ እንደ ፍግ አይበሰብስም፤ እንደ ብዙዎቹ ፀረ ተባዮችም ከጊዜ ጋር አይፈራርስም። በአሜሪካ የአፕል አትክልተኞች ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እስከ 20ኛው አጋማሽ ድረስ ትልን ለመከላከል የእርሳስ አርሴኔት የተባለ ውህድ ይረጩ ነበር። ርጭቱ ከቆመ አሥርት ዓመታት ቢያልፉም በዋሽንግተን ግዛት የቀድሞ የአፕል ማሳዎች አፈር ውስጥ እርሳሱና አርሴኒኩ ዛሬም ይገኛል። አያት የረጨው በልጅ ልጅ ዘመን ይለካል ማለት ነው።

በአፍሪካም ዋጋ የተከፈለባቸው ትምህርቶች አሉ። በሴኔጋል ዋና ከተማ ዳካር ዳርቻ በምትገኘው ቲያሮዬ ሱር ሜር ነዋሪዎች ከአሮጌ ባትሪ የተራረፈ እርሳስ ያለበትን አፈር እየቆፈሩና እየነፉ ይሸጡ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ወራት 18 ሕጻናት ሞቱ። በኬንያ ሞምባሳ ኦዊኖ ኡሁሩ በተባለ መንደር አጠገብ የነበረ የባትሪ እርሳስ ማቅለጫ ነዋሪዎችን ለጉዳት ዳረገ። ነዋሪዎቹ ከስሰው እ.ኤ.አ. በ2020 ፍርድ ቤቱ 1 ነጥብ 3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሳ እንዲከፈላቸው ወሰነ፤ ጉዳዩም በይግባኝ ለዓመታት ቀጠለ። ለወረዳ አመራር ትልቁ ትምህርት ተጠያቂ ከተባሉት መካከል የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ጭምር መኖሩ ነው። ሳይገመግሙ ፈቃድ መስጠትና አይቶ ዝም ማለትም ያስጠይቃል።

ለአርሶ አደሩ ቅርብ የሆነው ምልክት ከብት ነው። ከብቶች፣ በተለይ ጥጆች፣ የተጣለ ባትሪን ይልሳሉ፤ ስብርባሪውንም ይውጣሉ። በእርሳስ የተመረዘ ከብት ዓይኑ ይታወራል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ዝም ብሎ ይዞራል፣ ራሱን ግድግዳ ላይ ይገፋል። ይህ ከእብድ ውሻ በሽታ ጋር ሊምታታ ስለሚችል ባለሙያ ሳያየው መደምደም አይገባም። እንዲህ ያለ ከብት ሲገጥም የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጠራ፤ ወተቱም ሥጋውም ለምግብ አይዋል። ጉበትና ኩላሊት እርሳስ የሚከማችባቸው ክፍሎች ናቸው።

የሕጻናት ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን አለመታወቁን ይገልጻል። ሕጻን መሬት ላይ ይጫወታል፣ እጁን ወደ አፉ ያስገባል፣ ከዋጠው እርሳስም ከአዋቂ የበለጠውን ድርሻ ሰውነቱ ይቀበላል። ጉዳቱ የሚያርፈው በአእምሮ እድገት ላይ ነው። የነፍሰ ጡር እናት አጥንት ውስጥ የተከማቸ እርሳስም ወደ ጽንሱ ይተላለፋል። ትኩሳት ወይም ቁስል ስለማያሳይ ልጁ በትምህርቱ ወደ ኋላ ሲቀር ምክንያቱን ማንም ላያውቅ ይችላል።

በክልላችን ይህን የሚያከብድ አንድ ነገር አለ፤ የአፈር አሲዳማነት። በምዕራብ ጎጃም፣ በአዊና በሌሎችም ከፍተኛ ዝናብ በሚያገኙ ደጋማ አካባቢዎች አሲዳማ አፈር የምርት ማነቆ መሆኑ ይታወቃል። አሲዳማ አፈር ውስጥ ያለ እርሳስ በውኃ ይበልጥ ይሟሟል፤ ወደ ሥርም በቀላሉ ይደርሳል። ኖራ መጨመርና ኮምፖስት ማብዛት እርሳሱን ከአፈሩ ጋር አስሮ ያቆየዋል። ይሁን እንጂ ኖራ እርሳስን አያጠፋም፤ የተበከለ ቦታን ንጹሕ ነው ለማለትም አያበቃም።

ሕጉ የለም እንዳይባል አለ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995፣ እንዲሁም የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ወጥተዋል። የቀረው በወረዳና በቀበሌ ደረጃ ወደ ተግባር የሚያወርዳቸው ቀላል አሠራር ነው።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን ያስፈልጋል። አሮጌ ባትሪ ለባለቤቱም ለቆራሌውም ገንዘብ ነው። "አትንኩት" ብሎ ብቻ መከልከል ሥራውን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ አያስቆመውም፤ በቀን ይቀልጥ የነበረው በሌሊት፣ በመንደር ዳር የነበረውም በጓዳ ይቀልጣል። እርሳስ ተመልሶ ጥቅም ላይ የሚውል ማዕድን በመሆኑ መሰብሰቡ ራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ መስበሩና ማቅለጡ ከሰው፣ ከውኃና ከእህል አጠገብ መሆኑ ነው። መፍትሔውም ሰብሳቢውን ማባረር ሳይሆን ባትሪውን ሳይሰብር፣ አሲዱን ሳይደፋ ሸጦ የሚጠቀምበትን ሕጋዊ መንገድ መክፈት ነው።

ስለዚህ ወረዳዎች ከዚህ ቢጀምሩ ይበጃል። በመንግሥትም ሆነ በፕሮጀክት ገንዘብ የሚገዛ ባትሪ ሁሉ ሲገባ እንደሚመዘገብ ሲወጣም ይመዝገብ። በግዥ ውሉ ላይ ሻጩ አሮጌውን እንዲረከብ ይጻፍ። ማዕከል እስኪላክ ድረስ ባትሪው ሳይሰበር፣ ቀጥ ብሎ፣ ጣሪያ ባለውና ወለሉ ሲሚንቶ በሆነ ቦታ፣ ከእህል መጋዘን፣ ከውኃና ከከብት ርቆ ይቀመጥ። የልማት ሠራተኛው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና የቀበሌ አመራሩ አንድ ላይ ሆነው ባትሪ የሚጠገንበትን፣ የሚሰበርበትንና የሚቀልጥበትን ቦታ በቀበሌው ካርታ ላይ ያመልክቱ፤ በአቅራቢያው ያለውን ጉድጓድ፣ የመስኖ ቦይ፣ የአትክልት መደብና ትምህርት ቤትም ይጨምሩበት። ይህ ሥራ ላቦራቶሪ አይጠይቅም። የአፈር ናሙና ለምርመራ ሲላክ ደግሞ ከየት መወሰድ እንዳለበት የሚነግረው ይኸው ካርታ ነው።

አርሶ አደሩም የራሱ ድርሻ አለው። ባትሪን በጓሮ አይሰብር፣ አሲዱን በቦይ አይድፋ፣ ቀፎውን ለከብት ማጠጫ ወይም ለእህል ማስቀመጫ አያውል። ባትሪ ይሰበርበት ወይም ይቀልጥበት የነበረ ቦታን ሳያስመረምር አይረስ። ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ቦታው ታጥሮ በሣር ይሸፈን፤ ከብት አይግባበት፣ ሣሩም ለመኖ አይታጨድ። እንደ ካሮትና ቀይ ሥር ያሉ ሥራ ሥሮች፣ እንደ ጎመንና ሰላጣ ያሉ ቅጠላ ቅጠሎችም በእንዲህ ያለ ቦታ አይተከሉ፤ እርሳስ ያለበት አፈርና አቧራ ይበልጥ የሚያገኛቸው እነሱ ናቸውና።

የተበከለ አፈርን ማንሳት ከአርሶ አደሩም ከወረዳውም አቅም በላይ የሆነ ወጪ ይጠይቃል። አንድን አሮጌ ባትሪ ሳይሰበር ወደ መጣበት መመለስ ግን አንድ መዝገብና አንድ የጭነት ጉዞ ይበቃዋል። የዘንድሮ የግዥ ውሎች ከመፈረማቸው በፊት የአሮጌው ባትሪ መመለሻ በውሉ ላይ መስፈሩን ማረጋገጥ የየወረዳው አመራር ኃላፊነት ሊሆን ይገባል።