በዶሴ ፍለጋ የሚባክን ጊዜ

ለነጋዴ ጊዜ ከገንዘብ የማያንስ ሀብት መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በዛሬው ዘመን ብዙ የንግድ ቤቶች ኢንቮይሱንም፥ ዲክላራሲዮኑንም፥ የባንኩንም ወረቀት በቤታቸው ወይም በሱቃቸው ጓዳ በተቀመጠ አንድ ሰርቨር ላይ አከማችተው፥ አንድ ፎልደር እስኪከፈት ድረስ ደንበኛውን አቁመው ይጠብቃሉ። ዕቃው በወደብ ባደረ ቍጥር ኪራይ እንደሚቈጠርበት ለሚያውቅ አስመጪ ይህ መዘግየት እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም።

ይህ ችግር የደረሰበት ሰው ብዙውን ጊዜ ወዲያው አዲስ ሰርቨር ለመግዛት ያስባል። በእኛ አስተያየት ግን፥ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፥ አስቀድሞ ምክንያቱን መመርመር ይገባል።

ፎልደርን የሚያዘገየው አብዛኛውን ጊዜ የፋይሎቹ ክብደት ሳይሆን ብዛታቸው ነው። ኮምፒውተሩ የያንዳንዱን ፋይል ትንሽ ሥዕል ለማሳየት ሲል ፋይሎቹን አንድ በአንድ እየከፈተ ያነባል። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንዱን ፈልጎ ለማግኘት የሴኮንድ 1/100ኛ ያህል ይፈጅበታል። እንግዲህ 5,000 ፋይሎች በአንድነት በተከማቹበት ፎልደር ይህ ምልልስ ብቻውን 50 ሴኮንድ ሊወስድ ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት ሥርዐት ነው። ፋይሎቹ በዓመተ ምሕረት፥ ከዚያም በደንበኛ ወይም በዕቃ ዐይነት ተከፋፍለው ይቀመጡ። ሁለተኛ፥ በኔትወርክ ፎልደሮች ላይ የትንንሽ ሥዕሎች ማሳያ ይዘጋ። ሦስተኛ፥ ሰርቨሩና የጸሓፊው ኮምፒውተር በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል ይገናኙ፤ ጥያቄና መልስ በበዛበት ሥራ የዋይፋይ መዘግየት ተደማምሮ ይከብዳልና። አራተኛ፥ ሥራ ሲፈታ እንዲቆም የተደረገ ዲስክ እንደገና እስኪነሣ ብዙ ሴኮንድ ስለሚያስጠብቅ፥ በሥራ ሰዓት እንዳይቆም ይደረግ።

አምስተኛው ለጥንቃቄም የሚበጅ ነው። ኤስ ኤም ቢ የተባለው የፋይል መለዋወጫ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ሁለተኛ እትሙ ከ100 በላይ የነበሩትን ትእዛዞች ወደ 19 አውርዶ ምልልሱን ቀንሶታል። ዋናክራይ የተባለው ጥፋት እ.ኤ.አ. በ2017 በብዙ አገሮች የተሠራጨው በአሮጌው በአንደኛው እትም ጕድለት በኩል ነበር። አሮጌው እትም እስከ ዛሬ ክፍት የሆነበት ሰርቨር ካለ፥ ባለሙያ አስጠርቶ ማዘጋት ያሻል።

«ፋይል ለማስተካከል ጊዜ የለንም» የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ የሚባክነው ጊዜ ለማስተካከያው ከሚያስፈልገው ይበልጣል። ይህ ሁሉ ተደርጎ መዘግየቱ ካልቀረ፥ ያን ጊዜ የሚሽከረከር አካል በሌለው በኤስ ኤስ ዲ መለወጥ ተገቢ ወጪ ይሆናል። ሥርዐት በሌለው ክምችት ላይ የሚገዛ አዲስ ሰርቨር ግን ችግሩን ለጥቂት ጊዜ ከማስታገሥ አያልፍም።

ጨውንና ቡናን በአንድ ጆንያ የማይከት ነጋዴ፥ የአሥር ዓመት ዶሴውንም በአንድ ፎልደር ሊያጭቅ አይገባውም።