አራት ነጥብ ስንት ነጥብ ነው?

በኮምፒውተር የተለቀመ የአማርኛ ግጥም ወይም ወግ ሲደርሰኝ ከቃሉ አስቀድሜ የማየው አራት ነጥቡን ነው። አንዳንዱ ጸሐፊ ትክክለኛውን «።» ያኖራል፤ አንዳንዱ ሁለት ነጥብን ደጋግሞ «፡፡» ይጽፋል፤ ሌላው የላቲኑን «::» ይደረድራል። ለዓይን ሦስቱም አንድ ናቸው። ለወርድ ግን ሦስት ባዕዳን ናቸውና አንዱን ሲፈልጉት ሌላው አይገኝም። በፊቱ ክፍት ቦታ የተተወለት ነጥብ ደግሞ ከቃሉ ተለይቶ በሚቀጥለው መስመር ራስ ላይ ብቻውን ይቆማል።

የጎንደር ቁም ጸሐፊ ይህ ጣጣ አልነበረበትም። ብራናውን በወስፌ ወግቶ፣ መስመሩን አስምሮ ሲጽፍ ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ ነበርና፣ መስመሩ ሲያልቅበት ቃሉን ከመካከል ቆርጦ ቢያወርደው አንባቢ አይደናገርም። ቦታ ከጠበበውም የቀሩትን ፊደላት አሳንሶ ከመስመሩ በላይ ወይም በታች ይሸጉጣቸዋል። ዛሬ ሁለት ነጥብ ስፍራውን ለክፍት ቦታ ለቅቋል። ማሽኑ ግራና ቀኙን እኩል አድርግ ሲባል የሚለጥጠው ያንኑ ክፍት ቦታ ነው፤ ረጃጅሞቹ የአማርኛ ቃላት በጠባብ ዓምድ ሲሰለፉ ገጹ ወንፊት ይመስላል። ግጥምን እንዲህ መለጠጥማ ምን ይሉታል!

ነጥቡን ማረም ቀላል ነው። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ከገባ ወዲህ አራት ነጥብ የራሱ ቁጥር አለው፤ ሁለቱን አስመሳዮች በእውነተኛው መተካት የደቂቃ ሥራ ነው። (ከዚያ በፊት በየፎንቱ የተጻፈው፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ምልክት ትርምስ ይሆናል፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው።)

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ቅልጥፍና ወደ ፊደሉ ሲሻገር ነው። የከተማይቱን ስም ተመልከቱ፤ «ጎንደር» የሚል አለ፣ «ጐንደር» የሚልም አለ። መፈለጊያው አንዱን ሲያመጣ ሌላውን ይዘልላል። አዘጋጁም ይታክተውና «ሁሉንም ተካ» ይላል፤ ጐ በሙሉ ጎ፣ ሠ በሙሉ ሰ፣ ዐ በሙሉ አ ይሆናል። አማርኛው በንባብ አይጎዳ ይሆናል። በመካከሉ የገባው ግእዝ ግን ይሞታል፤ ምክንያቱም በግእዝ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ፣ «ሰአለ» ደግሞ ለመነ ማለት ነው። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ላይ መላእክቱን የሠዐለው እጅ በአንድ ትእዛዝ የለማኝ እጅ ሆኖ ይቀራል።

ቁም ጸሐፊ የዘለለውን ቃል በመስመሮች መካከል ስለሚጨምር እርማቱ ለተከታዩ አንባቢ ይታያል። «ሁሉንም ተካ» ዱካ አይተውም። ስለዚህ ነጥቡን በጅምላ ተኩ፤ ፊደሉን ግን አንድ በአንድ፣ ደራሲው ካለ እርሱን ጠይቃችሁ፣ የመጀመሪያውንም ቅጂ ሳትነኩ አስቀምጣችሁ።