ወገብዎን የጎዳው ወንበሩ ነው ወይስ አለመነሳትዎ?

ጠዋት መኪና ውስጥ ተቀምጠው ወደ ሥራ ይሄዳሉ። ቢሮ ገብተው ይቀመጣሉ። ማታ ደግሞ ሶፋው ይጠብቅዎታል። በዚህ መሀል ልጅዎ «እሽኮኮ!» እያለ እጁን ሲዘረጋ ጎንበስ ሲሉ ወገብዎን ቀስፎ ይይዝዎታል። «ምን ከባድ ነገር አነሳሁ?» ብለው ይገረሙ ይሆናል። ምናልባት ችግሩ ያነሱት ሳይሆን ቀኑን ሙሉ አለመነሳትዎ ነው።

የወገባችን አከርካሪ 5 ትልልቅ አጥንቶች አሉት። በመካከላቸው እንደ ትራስ የሚያገለግሉ ዲስኮች ይገኛሉ። የአዋቂ ሰው ዲስክ የራሱ የደም ሥር የለውም ማለት ይቻላል፤ ምግቡን የሚያገኘው ከአካባቢው ቀስ እያለ ከሚሰርግ ፈሳሽ ነው። ስንንቀሳቀስ ዲስኩ እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል፣ ይለቀቃል። ጎብጠን ለሰዓታት ስንቀመጥ ግን ጫናው አንድ ቦታ ይከማቻል፤ ጅማቶች ይለጠጣሉ፣ ጡንቻዎችም ይዝላሉ። ስለዚህ ውድ ወንበር መግዛት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

ጎማ በሌለው ጠንካራ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ሁለቱንም እግርዎን ወለሉ ላይ አድርገው እነዚህን ይሞክሩ፦

• ወገብዎን በቀስታ ያጉብጡ፤ ከዚያ ደረትዎን ቀና አድርገው ያቅኑት። 10 ጊዜ ይደጋግሙ።

• እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎም ወደ ግራ ቀስ ብለው ይዙሩ። በየጎኑ 5 ጊዜ።

• ጉልበትዎን በየተራ ከፍ ያድርጉ። በየእግሩ 10 ጊዜ።

• በእጅዎ ሳይደገፉ ይነሱ፣ መልሰው ይቀመጡ። 10 ጊዜ።

ሁሉም ከ5 ደቂቃ አይበልጥም። ከዚህ ሌላ በየግማሽ ሰዓቱ ብድግ ይበሉ፤ ስልክም ቆመው ያነጋግሩ። ቤት ውስጥ ቡና ሲያፈሉም አይዘንጉ፤ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ጉልበት ከዳሌ በላይ ስለሚሆን ወገብ ይበልጥ ይጎብጣል። ከአቦል እስከ ቶና ባለው ጊዜ ተነስተው ይንጠራሩ።

እንቅስቃሴው ሕመምዎን ካባባሰው ያቁሙ። ሕመሙ ወደ እግር ወርዶ እግርዎ ከደነዘዘ ወይም ከዛለ ሐኪም ያማክሩ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎት፣ ወይም በብልትና በመቀመጫዎ አካባቢ መደንዘዝ ከተሰማዎት ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

አሁን ይህን ጽሑፍ ተቀምጠው አንብበው ከሆነ፣ እስቲ ብድግ ይበሉ!