ለሄቪ ሜታል የሚሆን ማዳመጫ፤ ባስ ወይስ ጸጥታ?

በድሬዳዋ ከተማ፣ የጥላ ዛፎች በተሰለፉባቸው የከዚራ ጎዳናዎች ላይ ማዳመጫ በጆሮው ሳይሰካ የሚያልፍ ተማሪ ማግኘት እያዳገተ መጥቷል። በማዳመጫዎቹ ውስጥ የሚደመጠው ሙዚቃ በእርግጥ ዓይነቱ ብዙ ነው። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ግን በቁጥር አነስተኛ፣ በፍቅራቸው ግን ጽኑ የሆኑት የሄቪ ሜታል አድማጮች ናቸው። እነዚህ ወጣቶች ወደ ኤሌክትሮኒክስ መደብር ሲገቡ ለሻጩ የሚያቀርቡት የመጀመሪያ ጥያቄ «ባስ አለው ወይ?» የሚል ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ከዚህ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «የውጭውን ድምፅ ምን ያህል ይከለክላል?» የሚለው ነው። ይህን ለማለት የሚያበቃው ምክንያት በሙዚቃው፣ በመንገዱና በጆሯችን ፊዚክስ ውስጥ ይገኛል።

ሄቪ ሜታል የፋብሪካ ከተማ ልጅ ነው። የብላክ ሳባዝ ጊታር ተጫዋች ቶኒ አዮሚ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም በብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ፣ ገና በ17 ዓመቱ የቀኝ እጁን የመካከለኛና የቀለበት ጣቶች ጫፍ ማሽን ቆረጠበት። ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ ቀጫጭን ክሮችም መጠቀም ጀመረ። በኋላም ክሮቹን ከተለመደው ቅኝት ዝቅ አድርጎ አላላቸው። የቡድኑ የመጀመሪያ አልበም በ1970 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ያ የረገበና የከበደ የጊታር ድምፅም የአንድ የሙዚቃ ዘርፍ መለያ ሆኖ ቀረ። ወደ አገራችን ስንመጣ ለዚህ ድምፅ የሚቀርበው በ2012 እ.ኤ.አ. «ኤርታሌ» የተሰኘ አልበም ያወጣው ጃኖ ባንድ ነው። የአልበሙ ፕሮዲዩሰር ቢል ላስዌል በ1986 እ.ኤ.አ. የሞተርሄድን «ኦርጋዝማትሮን» የሠራ ሰው ነበር። ጃኖን ሄቪ ሜታል ብሎ መጥራት ሊያከራክር ይችላል፤ በተዛባ የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ላይ የአገር ቤት ቅኝት ማሳረፉ ግን አያከራክርም።

«የተዛባ» ስንል ምን ማለታችን ነው? የጊታር ስድስተኛው ወፍራም ክር በተለመደው ቅኝት በሰከንድ 82 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ማለትም ድግግሞሹ 82 ሄርዝ ነው። አዮሚ ሦስት ግማሽ ቶን ሲያወርደው ወደ 69 ሄርዝ ይወርዳል። ይህ ሞገድ ከአቅሙ በላይ ወደተጫነ አምፕሊፋየር ሲገባ ጫፉ ተቆርጦ ይደለደላል። ጫፉ የተደለደለ ሞገድ ደግሞ በሒሳብ ሲተነተን የመሠረታዊው ድግግሞሽ ብዜቶች የሆኑ፣ ሃርሞኒክ የሚባሉ ብዙ ሞገዶች ድምር ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ አንዱ የ82 ሄርዝ ድምፅ 164፣ 246፣ 410 እያለ እስከ ብዙ ሺህ ሄርዝ የሚዘልቅ ሠራዊት አስከትሎ ይመጣል ማለት ነው። የጊታር ድምፅ ማጉያ ሣጥን ከ5,000 ሄርዝ በላይ ያለውን በአብዛኛው ስለማያሳልፍ፣ የሜታል ጊታር ሥጋና ደም የሚገኘው ከዚያ በታች፣ በተለይም በመካከለኛው ክልል ነው።

ይህ ለአበሻ ጆሮ እንግዳ ነገር አይደለም። የበገና ክሮች በድልድዩ ላይ በሚያርፉበት ቦታ እንዚራ የሚባሉ ትናንሽ ቆዳዎች ይገባሉ። ክሩ ሲመታ ከቆዳው ጋር እየተነካካ ያን የታወቀ የዝንብ መሰል ዝዝታ ይፈጥራል። ዝዝታው በፊዚክስ ዓይን ሲታይ ሃርሞኒክ የመጨመር ሥራ ነው፤ የተገራውንና ልስልሱን ሞገድ ሸካራ ያደርገዋል፣ ያበለጽገዋል። ማነጻጸሬ በፊዚክሱ ብቻ መሆኑን አንባቢ እንዲረዳልኝ እሻለሁ፤ የአንዱ መንፈስና የሌላው መንፈስ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። የሁለቱም ድምፅ ግን አንድ ጠቃሚ ባሕርይ ይጋራል። ሃርሞኒኮቹ በሚገባ ከተሰሙ አእምሯችን መሠረታዊውን ዝቅተኛ ድምፅ ራሱ አስልቶ ይሰማዋል፤ መሠረቱ ጨርሶ ባይኖር እንኳ። በትንሽ ራዲዮ ውስጥ የወፍራም ወንድ ድምፅ ወፍራም ሆኖ የሚሰማን በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ባስ የሚያጎሉ ማዳመጫዎች የሚያደርጉትን ተመልከቱ። ባስ ጊታር ከ41 ሄርዝ ይጀምራል። የትልቁ ከበሮ ክብደት ከ50 እስከ 100 ሄርዝ አካባቢ ይገኛል፤ ከበሮው በሁለት እግር እየተደበደበ ሲጋልብ እያንዳንዱን ምት ለይተን እንድንሰማ የሚያደርገው የመዶሻው «ጠቅ» የሚል ድምፅ ግን ከ2,000 እስከ 5,000 ሄርዝ ባለው ክልል ነው። ታችኛውን ክልል ብቻ አግንኖ መካከለኛውን ያደበዘዘ ማዳመጫ ከበሮውን፣ ባሱንና ጊታሩን አንድ ላይ አቡክቶ ያቀርባል። ድምፁ ያስደነግጣል፤ ሙዚቃው ግን አይለይም።

አሁን ወደ መንገዱ እንውጣ። ከዚራ ከመጋላ ጋር ሲነጻጸር ጸጥተኛ ሠፈር ነው ይባላል፤ ቢሆንም ባጃጅ የማይደርስበት ማዕዘን የለውም። ባለ አንድ ሲሊንደርና ባለ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ቢሽከረከር በሰከንድ 25 ጊዜ ያቀጣጥላል። የሞተሩ ድምፅ ስለዚህ በ25፣ በ50፣ በ75፣ በ100 ሄርዝ እያለ ይወጣል። ከላይ የጠቀስናቸው የባስ ጊታሩና የትልቁ ከበሮ መኖሪያዎች እነዚሁ አይደሉምን? ሁለት ድምፆች በአንድ የድግግሞሽ ሠፈር ሲገናኙ የበረታው የደከመውን ይሸፍነዋል። አድማጩ በመደብሩ ውስጥ ግሩም ሆኖ የሰማው ባስ መንገድ ላይ ሲጠፋበት ማዳመጫውን ይወቅሳል፤ ቀጥሎም ድምፁን ይጨምራል፤ በሚቀጥለው ወር ደግሞ «የባሰ ባስ» ያለው ማዳመጫ ፍለጋ ይወጣል። ባሱን የወሰደበት ባጃጁ ነው።

ድምፅ የመጨመሩን ዋጋ በቁጥር ማየት ይቻላል። የመንገዱ ጫጫታ 80 ዴሲቤል ነው እንበል፤ አድማጩም ሙዚቃው ከጫጫታው በ10 ዴሲቤል እንዲበልጥለት ይፈልጋል እንበል። የውጭውን ድምፅ በማይከለክል ማዳመጫ 90 ዴሲቤል ድረስ መውጣት ይኖርበታል። በጆሮው ቀዳዳ በሚገባ ገጥሞ ጫጫታውን በ20 ዴሲቤል የሚቀንስ ማዳመጫ ቢጠቀም ግን ጫጫታው 60፣ ሙዚቃው 70 ሆኖ ያው ልዩነት ይገኛል። በ90 እና በ70 መካከል ያለው የኃይል ልዩነት 100 እጥፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመዘኛ መሠረት አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ሊያዳምጥ የሚችለው በ80 ዴሲቤል ለ40 ሰዓት ነው። በዚሁ ስሌት 90 ዴሲቤል ሲሆን የሳምንቱ ድርሻ ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል፤ ይህም ለአንድ ተማሪ የአንድ ከሰዓት በኋላ ጥናት ነው። በ70 ዴሲቤል ደግሞ 400 ሰዓት ይፈቀዳል፤ ሳምንቱ ግን ያለው 168 ሰዓት ብቻ ነው!

ሄቪ ሜታል በዚህ ረገድ ከሌሎች ሙዚቃዎች ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል። ብዙ ሙዚቃ ከፍ ዝቅ ስለሚል ጆሮ በመካከሉ ያርፋል። የሜታል ቅጂዎች ግን በአብዛኛው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ከፍታ የሚጋልቡ ናቸው፤ በስቱዲዮ የሚደረግላቸው ኮምፕሬሽንም የቀረውን ትንፋሽ ይወስደዋል። የሜታሊካ «ዴዝ ማግኔቲክ» አልበም በ2008 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ሞገዱ እስኪቆረጥ ድረስ ከልክ በላይ ጎልቶ በመቀረጹ ከአድናቂዎቹ ሳይቀር ብርቱ ተቃውሞ ደርሶበታል። የዚያኑ አልበም ዘፈኖች በ«ጊታር ሂሮ» የኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ ያልተጨፈለቁ ሆነው በመገኘታቸው ብዙዎች የጨዋታውን ቅጂ መርጠው ማዳመጣቸውም አይረሳም።

ለመሆኑ የሚጠፋው ምንድን ነው? በውስጠኛው ጆሮ፣ በቀንድ አውጣ መሰሏ ኮክሊያ ውስጥ፣ በእያንዳንዱ ጆሮ ወደ 16,000 የሚጠጉ የፀጉር ሴሎች አሉ። እነዚህ ሴሎች ከሞቱ በሰው ልጅ ላይ ዳግም አይበቅሉም። ብርቱ ድምፅ በአብዛኛው አስቀድሞ የሚጎዳው ከ3,000 እስከ 6,000 ሄርዝ ያለውን ክልል የሚሰሙትን ነው። ጉዳቱ በሹክሹክታ ይገባል፤ ሰውዬው «ይሰማኛል፣ ግን አይገባኝም» ማለት ይጀምራል። «ሰ» እና «ፈ»ን የሚለየው መረጃ በከፍተኛው ድግግሞሽ ላይ ስለሆነ፣ ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ የተቀመጠ ተማሪ የመምህሩን ቃላት በግምት መሙላት ግዴታው ይሆናል። ነገሩ ለባቡር ከተማ ሰው አዲስ ሊሆን አይገባም። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ደርሶ ድሬዳዋን ከቆረቆረ ወዲህ የከዚራ ኑሮ በጣቢያውና በጥገና ወርክሾፑ ዙሪያ ተመሥርቶ ቆይቷል። የብረት ቀጥቃጮች ድንቁርና የሕክምና ጥናት የሆነውም ከዚያ በፊት ነበር፤ የግላስጎው ሐኪም ቶማስ ባር በ1886 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የእንፋሎት ጋን የሚሠሩ ሠራተኞች የመስማት ኃይል ከፖስታ አዳዮች ጋር ሲነጻጸር እጅግ የተጎዳ መሆኑን አሳይቷል። እነዚያ ሠራተኞች እንጀራቸውን ለማግኘት ጆሯቸውን ከፈሉ። እኛ ግን ገንዘብ ጨምረን እየከፈልን ነው።

የሜታል አፍቃሪው «ይህ ሙዚቃ ካልጮኸ ምኑን ሜታል ሆነ?» ሊል ይችላል። በተቃውሞው ውስጥ እውነት አለ። ፍሌቸርና ሙንሰን በ1933 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ጆሯችን በዝቅተኛ የድምፅ መጠን ባስን የመስማት ችሎታው ይቀንሳል፤ ሙዚቃው ሲቀነስ የሚሳሳው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለሚያዳምጥ ሰው መጠነኛ የባስ ጭማሪ ተገቢ ነው፤ በስልኩ የድምፅ ማስተካከያ ሊያገኘውም ይችላል። ጸሐፊው የሚቃወመው ባስን ሳይሆን ጫጫታን በባስ የማሸነፍ ሙከራን ነው።

ታዲያ ምን ይገዛ? ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው ዝግ ሄድፎን በመጽሔቶች የሚመሰገን ቢሆንም በድሬዳዋ ሙቀት ለሰዓታት አድርጎ መቀመጥ ቅጣት ነው፤ የሰው ሠራሽ ቆዳ ትራሱም በላብና በሙቀት ቶሎ ይላላጣል። (በቦትስዋና የሜታል አፍቃሪዎች በዚያ ፀሐይ ሙሉ የቆዳ ልብስ ለብሰው ይወጣሉ፤ ጽናታቸውን ከማድነቅ በቀር የምለው የለኝም።) ጀርባው ክፍት የሆነው ዓይነት ይነፍሳል፤ ድምፁም ሰፊ ነው፤ ነገር ግን የውጭውን ጫጫታ እንዳለ ያስገባል። ለሌሊት፣ ጸጥ ላለ ክፍል ይሁን። ለከዚራ መንገድ የምመርጠው በጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባውን፣ የተለያየ መጠን ያላቸው የጎማ ወይም የስፖንጅ ጫፎች ያሉትን ነው። ጫጫታን በኤሌክትሮኒክስ የሚሰርዙት ከ1,000 ሄርዝ በታች ላለው ድምፅ፣ ማለትም ለባጃጅ ሞተር፣ በጣም ይረዳሉ፤ ጫፉ ካልገጠመ ግን እነርሱም ብዙ አያደርጉም። መግጠሙን ለማወቅ አፍን ዘግቶ ማንጎራጎር ይበቃል። የራሳችሁ ድምፅ በጭንቅላታችሁ ውስጥ ወፍሮ ካስተጋባ ቀዳዳው ተዘግቷል።

በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው አያታልላችሁ። «ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ» የሚለው ጽሑፍ በየድግግሞሹ ስንት ዴሲቤል እንደሚዋዥቅ ካልተገለጸ ምንም አይነግርም። «1,000 ሚሊዋት» የሚለውም የሚችለውን ጭነት እንጂ ጥራቱን አያሳይም፤ ስልክ የሚሰጠው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ይልቅ በሚገባ የምታውቁትን ዘፈን ይዛችሁ ሂዱ። የሜታል ጊታሮች ብዙውን ጊዜ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ይቀረጻሉ፤ ድምፃዊው፣ ባሱና ትልቁ ከበሮ በመሐል ይቀመጣሉ። መሐል ሊሆን የሚገባው ድምፅ ተበትኖ ዙሪያውን የሚንሳፈፍ ከሆነ የአንዱ ጎን ሽቦ ተገላብጦ ተበይዷል ማለት ነው፤ በርካሽ ዕቃ ላይ ይህ አይጠፋም። ቀጥሎም ባስ ጊታሩን ከከበሮው ለይታችሁ መከተል መቻላችሁን ሞክሩ። በቴሌግራም እየተቀባበልን የምናዳምጣቸው እጅግ የተጨመቁ ፋይሎች የጸናጽሉን ድምፅ እንደ ፈሰሰ ውኃ ስለሚያደርጉት ለሙከራ አይሆኑም።

የውጭውን ድምፅ የሚከለክል ማዳመጫ የባጃጁን ጥሩምባም ይከለክላል የሚለው ስጋት ትክክል ነው። መልሱም ቀላል ነው፤ መንገድ ሲሻገሩ ሁለቱንም ማውጣት። አንዱን ብቻ ማውጣት አይበቃም፤ ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ የምናውቀው በሁለቱ ጆሮዎቻችን መካከል ባለው ልዩነት ነውና። ጫፎቹን ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ በሳሙናና በለብታ ውኃ አጥቦ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ ስፖንጅ ከሆኑም መቀየር። ማዳመጫውን ጓደኛ ቢለምናችሁ ዘፈኑን ላኩለት፤ ጫፉን ግን አታውሱት።