በሁለት ቢላዋ የሚበላ ተቃዋሚ

ሞያሌን ተሻግረን ናይሮቢ ድረስ ለምንነግድ ሰዎች የኬንያ ፖለቲካ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ግብሩ ከእኛም ኪስ ይወጣል።

ጁን 2024 ወጣቶች የፋይናንስ ረቂቅ ሕጉን ተቃውመው ወጡ፤ ብዙዎችም ሞቱ። ፕሬዚዳንት ሩቶ ረቂቁን ትተው በማግሥቱ ወር ካቢኔያቸውን በተኑ። ዋናው ተቃዋሚ ኦዲኤም ያኔ ምን አደረገ? ሰዎቹን ለሚኒስትርነት ሰጠ። የፓርቲው ሊቀመንበር የነበሩት ጆን ምባዲ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። በፓርላማ ግን የተቃዋሚ መሪነቱን ወንበር አልለቀቀም። ማርች 2025 ደግሞ ራይላ ኦዲንጋ ከሩቶ ጋር የትብብር ስምምነት ፈረሙ።

«አገር ለማረጋጋት ነው» ይሉናል። እውነት ነው፣ መንገድ ሲዘጋ ቀድመን የምንከስረው እኛ ነጋዴዎች ነን። ሰላም ለማውረድ ግን ሚኒስትር መሆን ግድ አይደለም። ግብር ጣዩና ግብሩን መርማሪው አንድ ቤት ሲሆን፣ ገንዘብ ያዡ የራሱን ሂሳብ ኦዲት እንዳደረገ ይቆጠራል። የትኛው ነጋዴ ነው እንዲህ ያለ ሂሳብ የሚቀበል?

መቃወም የሚፈልግ ፓርቲ ሚኒስትሮቹን ያስወጣ። ካልፈለገም የተቃዋሚነቱን ወንበር ለሚፈልገው ይልቀቅ።